ቫይታሚን ከመጀመሬ በፊት የትኛውን ምርመራ ላድርግ? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ድካም በርትቶብኛል፤ ፀጉሬ ይነቃቀላል፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። የወር አበባዬም ብዙ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሄሞግሎቢኔ 12.6 ስለሆነ ደም ማነስ የለብሽም ተባልኩ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ መልቲቫይታሚን፣ 5,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ እና ለፀጉር 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን ልካልኛለች፤ ባዮቲኑን ጀምሬዋለሁ። አንድ የግል ላቦራቶሪ ደግሞ ቫይታሚንና ማዕድን ሁሉ በአንድ ላይ የሚለካ ምርመራ አለን ብሎኛል፤ ዋጋው ግን ለእኔ ከባድ ነው። ሁሉንም ልመርመር ወይስ የተላከልኝን ዝም ብዬ ልውሰድ? እናቴም ለስኳር ሕመማቸው ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እግራቸውን ይደነዝዛቸዋል። መልቲቫይታሚኑን ለእሳቸውም ብሰጣቸውስ?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በዚህ ያህል ዝርዝር ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ የጻፉት ዝርዝር ከማንኛውም የምርመራ ጥቅል የበለጠ መንገድ ያሳያል። አስቀድሜ ፍሬ ነገሩን ልንገርዎት፦ ጥቅሉን ምርመራ አይግዙ፤ የተላከልዎትንም ሁሉ አይውሰዱ። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ባዮቲኑን አቁመው ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ የሚደረግ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ኢንፌክሽን መኖሩን ከሚጠቁመው ሲአርፒ ጋር እንዲሁም የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ የሆነው ቲኤስኤች ነው። ለእናትዎ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱም ሳይዘገይ። እነዚህን የመረጥኩበት መለኪያ አንድ ነው፤ ውጤቱ ዝቅ ቢል አንድ ነገር የምናደርግ፣ ዝቅ ባይል ደግሞ ያንኑ ነገር የምንተው ከሆነ ምርመራው ይገባል። ውጤቱ ምንም ሆነ ምን የምናደርገው ያው ከሆነ ግን ደሙም ገንዘቡም በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

ስለ ጥቅል ምርመራ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም በከተማዋ ዳርቻ አዳዲስ ላቦራቶሪዎች በተከፈቱ ቁጥር ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። የላቦራቶሪ «ጤናማ መጠን» ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ከጤናማ ሰዎች 95 በመቶው የሚገኙበትን ክልል በመውሰድ ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ ቢያንስ አንዱ ከክልሉ ውጭ የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያ አንዱ በቀይ የታተመ ቁጥር ሌላ ምርመራን፣ ሌላ ክኒንንና ብዙ ጭንቀትን ይወልዳል። ከዚህም በላይ በጥቅሉ ውስጥ ከሚዘረዘሩት ብዙዎቹ በደም ውስጥ ሲለኩ በሰውነት ውስጥ ያለውን ክምችት አያሳዩም። ካልሲየም በምግብ ሲያንስ ሰውነት ከአጥንት እየወሰደ የደሙን መጠን ስለሚጠብቅ ውጤቱ ደህና ሆኖ ይቆያል። ከማግኒዚየም በደም ፈሳሹ ውስጥ የሚገኘው ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ዚንክ ምግብ በተበላ ሰዓትም ኢንፌክሽን ባለ ጊዜም ይቀንሳል። ቫይታሚን ኤ በጉበት ውስጥ ክምችት እስካለ ድረስ በደም ውስጥ ሳይለዋወጥ ይኖራል። እነዚህን አንድ በአንድ ለአንድ ሰው መለካት፣ የተለየ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ መልስ የሚሰጥ አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። «ደም ማነስ የለብሽም» የተባሉበትን 12.6 እንደገና ማየት ይገባል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የደም ማነስ ወሰን በዴሲሊትር 12 ግራም ነው፤ ይህ ወሰን ግን የተቀመጠው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። ከፍታ ሲጨምር በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ በመሆኑም በደጋ የሚኖር ሰው ውጤት ከመፈረዱ በፊት መቀነስ አለበት። የድርጅቱ እ.ኤ.አ. የ2024 መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ለሚኖሩ 1.4 ግራም፣ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ለሚኖሩ ደግሞ 1.8 ግራም እንዲቀነስ ያዛል። አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ በእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 በላይ ናት። በዚህ ስሌት የእርስዎ 12.6 ወደ 11.2 ይወርዳል፤ ይህም ቀላል የሚባል የደም ማነስ ነው። ብዙ ጊዜ በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ወሰን ይህን ማስተካከያ ስላላካተተ፣ ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ሰው «ደህና ነሽ» ቢልዎ አይደንቅም።

ነገር ግን እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ደገኞች የተለየ ነገር አለን፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን እንደማይበልጥ አሳይቷል፤ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን በዚያ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው በእጅጉ ይጨምራል። ይህ ማለት ለሁሉም የዓለም ሕዝብ በአንድነት የተዘጋጀው የከፍታ ማስተካከያ ለእኛ ሰው ከሚገባው በላይ ቀንሶ ደም ማነስ የሌለበትን ሰው «አለበት» ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ በ12 እና በ13.4 መካከል ያለ ሄሞግሎቢን በእኛ አገር ለብቻው አይፈርድም። የሚፈርደው የብረት ክምችቱ ነው፤ እርስዎን ወደ ፌሪቲን የምልክዎትም ለዚህ ነው።

ፌሪቲን በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን የብረት መጠን የሚያመለክት ፕሮቲን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ጤናማ በሆነ አዋቂ ሰው ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ የብረት እጥረት አለ ይባላል፤ ብዙ ሐኪሞች ግን፣ እኔንም ጨምሮ፣ የድካምና የፀጉር መነቃቀል ምልክት ላለባት፣ የወር አበባዋም ለሚበዛ ሴት ከ30 በታች ያለውን እጥረት እንደሆነ ቆጥረን እናክማለን። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲኖር ፌሪቲን ይጨምራል፤ ስለዚህ ብረቱ አልቆ እያለ ውጤቱ ደህና መስሎ ይታያል። ሲአርፒ አብሮ እንዲለካ የጠየቅኩት ይህን ለማወቅ ነው፤ ሲአርፒው ከፍ ካለ የፌሪቲኑ ወሰን እስከ 70 ከፍ ይላል። ጉንፋን ወይም የጥርስ ሕመም ይዞዎት ከሆነ እስኪሻልዎ ድረስ ምርመራውን ቢያቆዩት ይሻላል። «የደም ብረት» ተብሎ ለብቻው የሚሰጠውን ምርመራ ግን አይክፈሉበት፤ በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋትና ማታ ይለያያል፤ ትናንት በተዋጠ አንድ ክኒን ብቻም ይነሣል።

ከደም ቆጠራው ላይ የሄሞግሎቢኑን ቁጥር ብቻ ይዘው አይመለሱ። የቀይ የደም ሕዋሳት አማካይ ትልቅነት የሚባለው፣ በወረቀቱ ላይ ኤምሲቪ ተብሎ የሚጻፈው፣ ከ80 በታች ከሆነ ወደ ብረት እጥረት፣ ከ100 በላይ ከሆነ ወደ ቢ12 ወይም ፎሌት (ሌላ የቢ ቫይታሚን) እጥረት ይጠቁማል። ሁለቱ እጥረቶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍን ቁጥሩ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ የሕዋሳቱን የመጠን ልዩነት የሚያሳየው አርዲደብሊው ከፍ ብሎ ይገኛል።

የብረት እጥረት ከተገኘ ክኒን መዋጥ የሕክምናው ግማሽ ብቻ ነው፤ ብረቱ በየት በኩል እንደሚወጣ መታወቅ አለበት። እርስዎ የወር አበባዬ ብዙ ነው ብለዋል። ሉፕ አስገብተው ከሆነ፣ በተለይ መዳብ ያለበትን፣ ደም መብዛቱ የታወቀ ውጤቱ ነው፤ ሌላ ዓይነት የእርግዝና መከላከያ ሊያስቀይርዎት ይችላል። የማሕፀን ዕጢ መኖሩም በአልትራሳውንድ ይታያል። ከቆላ አካባቢ በቅርቡ መጥተው ከሆነ መንጠቆ ትልን ለማየት የሰገራ ምርመራ ያስፈልጋል። አንባቢ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ከሆነችና የብረት እጥረት ከተገኘባት ግን፣ ሳይታወቅ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚደማ ነገር መኖሩ እስኪጣራ ድረስ ክኒን ወስዶ ዝም ማለት አደገኛ ነው።

ጤፋችን በብረት የበለጸገ ነው የሚለውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ «እንጀራ እየበላሁ እንዴት ብረት ያንሰኛል» የሚል ጥያቄም ይከተላል። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ይህን ሰውነት በደንብ አይወስደውም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ቸኩሎ ከተጋገረው ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣው ቡናና ሻይ የአትክልትና የእህል ብረትን መመጠጥ በብዙ ይቀንሰዋል። ቡናውን ይተዉት ማለቴ አይደለም፤ ከምሳ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ቢያርቁት በቂ ነው። በምስር ወጡና በጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቲማቲምና ቃሪያ መጨመር፣ ከምግብ ጋር ብርቱካን መብላት የብረቱን መመጠጥ ያግዛል፤ በጾም ወራት ይህ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ክኒኑ ከታዘዘልዎ 60 ሚሊግራም ገደማ ንጹሕ ብረት ያለው አንድ ፍሬ በቀን አንድ ጊዜ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ ይበቃል። ብረት ሲወሰድ ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ከፍ ብሎ ለአንድ ቀን ያህል ቀጣዩን ብረት ስለሚከለክል፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መዋጥ የሆድ ሕመሙን እንጂ የሚመጠጠውን ብረት ያን ያህል አይጨምርም። ከቡና፣ ከወተትና ከካልሲየም ክኒን ጋር አይውሰዱት። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ። ክኒኑን ግን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ጥቂት ፍሬ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ባዮቲኑን በተመለከተ የምጠይቅዎ ነገር ጠንከር ያለ ነው፤ ዛሬውኑ ያቁሙት። አንድ አዋቂ በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ የእርስዎ እንክብል 10,000 ይዟል። እጥረቱ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚከሰት ሲሆን፣ እጥረት በሌለበት ፀጉር እንደሚያበቅል የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የምርመራ ውጤትዎን ማዛባቱ ነው። በርካታ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ባዮቲንን ራሱን እንደ ማያያዣ ስለሚጠቀሙ፣ በደም ውስጥ የበዛ ባዮቲን ሲኖር ፌሪቲንና ቲኤስኤች ከእውነተኛው በታች፣ ቢ12ና ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከእውነተኛው በላይ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ቲኤስኤች በሐሰት ዝቅ ሲል፣ ነፃ ቲ4 የሚባለው የእንቅርት ሆርሞን በሐሰት ከፍ ሲል፣ ጤነኛ ሰው የእንቅርት በሽታ እንዳለበት ተደርጎ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ባዮቲን ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየውን ትሮፖኒን የተባለ ምርመራ ጭምር በሐሰት ዝቅ ስለሚያደርግ ነበር። ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ይጠብቁ፤ ደም የሚወስደውንም ባለሙያ ስለ ባዮቲኑ ይንገሩት። በብዙ መልቲቫይታሚኖች ውስጥም ስለሚገኝ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ጾሙን ከቢ12 ጋር የሚያያይዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ ቢ12 በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ እንጂ በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም፤ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቅ ምእመንም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከእነዚህ ይርቃል። ነገር ግን በቀን የሚያስፈልገን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። በፍስክ ወራት ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ሰው አንድ ዐቢይ ጾም ብቻውን ቢ12 አያሳጣውም። አሳሳቢው በፍስክም ቢሆን በኑሮ ውድነት ምክንያት የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምስ፣ ለዓመታት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ፣ የቆየ የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ነው። ይህ በእርስዎ ላይ ካለ፣ ወይም ኤምሲቪው ከ100 ካለፈ፣ ወይም እጅና እግርዎ ከደነዘዘ ቢ12ን ከፌሪቲን ጋር ያስለኩ፤ ካልሆነ ለጊዜው አያስፈልግዎትም።

እናትዎ ግን ሌላ ናቸው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 በአንጀት በኩል እንዳይመጠጥ እንደሚያደርግ በሚገባ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም በዚህ ምክንያት ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች በየጊዜው ቢ12 እንዲለኩ ይመክራል። የስኳር ሕመም ራሱ እግር ያደነዝዛል፤ የቢ12 እጥረትም እንዲሁ። በምልክት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ልዩነታቸው ግን የቢ12ቱ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም መሆኑ ነው። ስለዚህ የእርስዎን መልቲቫይታሚን አይስጧቸው። በውስጡ ያለው ፎሊክ አሲድ የደሙን መልክ አስተካክሎ እጥረቱን ሲደብቅ፣ ጥቂቷ ቢ12 ግን ነርቩን ሳታድን ትቀራለች። ሰፈር ውስጥ በየፋርማሲው የሚወጋው ቢ1፣ ቢ6ና ቢ12 የተቀላቀለበት መርፌም ከምርመራው በፊት አይወጋ፤ ከተወጋ በኋላ የሚወሰደው ደም ከፍተኛ ቁጥር ስለሚያሳይ እውነቱ ይጠፋል። ቢ6 ደግሞ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

የእሳቸው ውጤት በሚሊሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው። ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ነው፤ እሱን የሚያጠራው ሜቲልማሎኒክ አሲድ የተባለ ምርመራ በየላቦራቶሪው ስለማይገኝ፣ ምልክት ላለባቸው እናት ሕክምናውን መጀመር ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የመደንዘዝ ምልክት ስላላቸው በመርፌ 1,000 ማይክሮግራም መጀመር ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ያህል በቀን በአፍ የሚወሰድ ክኒን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሜትፎርሚኑን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቆሙ አደራ።

ቫይታሚን ዲን አይለኩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአሜሪካ የኢንዶክሪን (የሆርሞን) ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ጤናማ አዋቂዎች በልማድ እንዳይመረመሩ ይመክራል፤ ቀድሞ ማኅበሩ ራሱ ያስቀመጠውን የ30 ናኖግራም ወሰንም አሁን አይደግፈውም። ከ25,000 በላይ አሜሪካውያን የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ካንሰርን፣ የልብ በሽታንና የአጥንት ስብራትን ጉልህ በሆነ መጠን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ከ5,000 ዩኒቱ ይልቅ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ የሚውሉ ከሆነ፣ በቀን ከ600 እስከ 1,000 ዩኒት ያለ ምርመራ መውሰድ ይችላሉ፤ 4,000 ለአዋቂ የተቀመጠው የላይኛው ወሰን ነው። ምርመራው የሚገባው ለሌላ ሰው ነው፤ አጥንቱን ለሚያመውና ከመቀመጫው ለመነሣት ለሚቸገር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ላለበት። ከተደረገም 25 ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ የሚባለው ምርመራ ይታዘዝ። ፀሐይ እንዳይነካቸው ተሸፍነው የሚያድጉ ሕፃናት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ፀሐይ በሞላበት አገር እግራቸው የተጣመመ፣ ለመቆም የዘገዩ ሕፃናት ዛሬም ይመጣሉ፤ ለእነሱ ምርመራም ሕክምናም ያስፈልጋል።

መልቲቫይታሚኑ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ለድካምዎ መድኃኒት አይደለም። ልጅ ለመውለድ ካሰቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከመፀነስዎ በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለ ምንም ምርመራ መውሰድ ይገባል፤ የሕፃኑ አከርካሪ የሚዘጋው እናት እርግዝናዋን ገና ሳታውቅ ነው፤ የአከርካሪ ክፍተት ችግርም በአገራችን ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ ሬቲኖል የተባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት በቀን ከ10,000 ዩኒት መብለጥ የለበትም፤ ፅንስ ይጎዳል።

እጅ ላይ ተይዞ በደቂቃ የሁሉንም ቫይታሚን መጠን ይናገራል በሚባል መሣሪያ «ምርመራ» የሚያደርጉ፣ ወዲያውም የራሳቸውን እንክብል የሚሸጡ ሰዎች ወደ ሰፈራችሁ ከመጡ አይቀበሏቸው። በእጅ መዳፍ በኩል ፌሪቲንም ቢ12ም አይለካም።

ፌሪቲኑና ቲኤስኤቹ ሁለቱም ደህና ከሆኑ ድካሙን በቫይታሚን ስም አንፈልገው። የደም ስኳር፣ እርግዝና፣ የቆየ ሳል ካለ የሳንባ ምርመራ፣ የእንቅልፍ ሰዓት ይታያሉ። ንጋት ላይ የትራንስፖርት ሰልፍ ይዞ፣ ማታ ዘግይቶ ቱሉ ዲምቱ የሚመለስ ሰው አምስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ እንደሚውል አውቃለሁ፤ ስሜትዎም ከብዶ ከሆነ እሱንም ለሐኪሙ ይንገሩት። በቅርቡ ወልደው ወይም ከባድ ሕመም አልፎብዎ ከነበረ ፀጉሩ ከሁለት እስከ አራት ወር ቆይቶ መርገፉ የተለመደ ነው፤ በራሱም ይመለሳል።

የሙሉ ደም ቆጠራውን ያው ጤና ጣቢያ ሊሠራልዎ ይችላል፤ ወደ ግል ላቦራቶሪ ከሄዱም የሚከፍሉት ለፌሪቲን፣ ለሲአርፒና ለቲኤስኤች ብቻ ይሁን። ብረት ከጀመሩ ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢንዎን በዚያው ላቦራቶሪ ያስለኩ፤ ቢያንስ በ1 ግራም መጨመር አለበት። ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥሉ። ካልጨመረ ክኒኑን በትክክል እየወሰዱ መሆኑን፣ ከቡና ጋር አለመገናኘቱን፣ ደሙም አሁንም በብዛት እየፈሰሰ እንደሆነ ከሐኪምዎ ጋር ይዩ፤ ያን ጊዜ ውጤቱን ይዘው እንደገና ይጻፉልኝ።